ሳጥኑ ተመለሰ፣ ሌንሱ ግን የኔ አልነበረም

ሳጥኑ የኔ ነው። ቴፑም የኔ ነው። የጠቀለልኩበት አረፋማ ፕላስቲክ እንኳን የኔው ነው፤ ስቸኩል በመቀስ ያወላገድኩት ጠርዝ ሳይቀር እንዳለ አለ። ከውስጡ የወጣው ሌንስ ግን የኔ አይደለም።

ይህን ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያገለገሉ ካሜራዎችና ሌንሶች ኦንላይን መሸጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በእጄ ያለፈ ዕቃ አይጠፋኝም። የላክሁት 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.4፣ ፎከሱ በእጅ የሚዞር የድሮ ሌንስ ነበር። መስታወቱ ኩልል ያለ። የተመለሰልኝን አንስቼ የስልኬን መብራት ከኋላው ሳበራበት ግን ውስጡ ሸረሪት ያደራበት መሰለ። ነጫጭ ቀጫጭን ክሮች ከጠርዙ ተነስተው ወደ መሃል ይሄዳሉ። ሻጋታ ነው። ሌንስ እርጥበት ያለበት ቦታ ተዘግቶ ሲከርም ሻጋታ ያወጣል። ሄዶ እስኪመለስ ባለፉት ዘጠኝ ቀናት ግን እንዲህ አይሆንም። ይሄ የረጅም ጊዜ ሥራ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ገዢው ልክ እንደኔው ያለ ሌንስ ነበረው። የሱ ሻገተበት። የኔን ገዛ፤ የራሱን በኔ ሳጥን ከተተና “ዕቃው እንደተገለጸው አይደለም” ብሎ መለሰልኝ። ሌንሴን አስቀረ፣ ገንዘቡን ጠየቀ። መልእክቱ ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ! “ሻጋታ እንዳለው ቢነግሩኝ ኖሮ አልገዛም ነበር። ቅር ብሎኛል” ይላል። ቅር ያለው እሱ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምገመግመው ሌንስ ሳይሆን አገልግሎት ነው፤ የምሸጥበት የኦንላይን ገበያ ተመላሽ ዕቃን የሚያስተናግድበትን መንገድ። ስሙን አልጠራም። አሁንም እዚያው ነው የምሸጠው፤ ደግሞም ሌላ ቦታ ከሚሸጡ ሰዎች ጋር ሳወራ ታሪኩ ስሙን እየቀየረ ያው ነው። ራሴን ለመከላከል የገዛኋቸውን ሦስት ትንንሽ ዕቃዎችም አብሬ እገመግማለሁ። ውጤቱን ቀድሜ ልናገር። ለአገልግሎቱ ከአምስት ኮከብ ሦስት። ሁለት ልሰጠው ነበር፤ ሦስተኛዋ ከየት እንደመጣች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንየው። ገዢ ዕቃ መመለስ ሲፈልግ ምክንያት ይመርጣል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ሲጨመቅ ግን ሁለት ነው። አንደኛው “ሐሳቤን ቀየርኩ” ነው። ያኔ የመመለሻውን ወጪ ገዢው ይችላል። ሁለተኛው “እንደተገለጸው አይደለም” ነው። ያኔ ወጪው ሻጩ ላይ ይወድቃል፤ ሻጩ “መመለስ አይቻልም” ብሎ በትልቁ ጽፎ ቢሆን እንኳን ዕቃው ይመለሳል። እስቲ አስቡት፤ አንዱን ሲነካ ይከፍላል፣ ሌላውን ሲነካ በነጻ ነው። ሰው የቱን ይነካል? የሚነካው ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። “ባለቤቴ ቀለሙን አልወደደችውም” ብሎ በመልእክት የነገረኝ ሰውዬ፣ ምክንያት ምረጥ ሲባል “የተበላሸ ዕቃ” የሚለውን ነክቶ አገኘሁት። ክፋት ያለው አይመስለኝም። ነጻ የሚለውን አይቶ ነው። የጻፈልኝን ስክሪንሾት አድርጌ ላክሁና ወጪውን ወደ እሱ አዞሩት። ከዚያ ወዲህ ገዢ በስልክ ላውራሽ ሲለኝ እሺ አልልም። በገበያው መልእክት ሳጥን ይጻፍልኝ። የተጻፈ ነው የሚያስጥለው።

እውነተኞቹ ሸዋጆች ሌላ ናቸው። ካሜራ የሚከራዩኝ አሉ፤ በነጻ። ዓርብ የሚደርሰውን ካሜራ ይገዛሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ይቀርጹበታል፣ ሰኞ “አልተመቸኝም” ብለው ይመልሱታል። አንዱን የያዝኩት በመዝጊያው ቆጣሪ ነው። አንዳንድ ካሜራዎች ስንት ጊዜ እንዳነሱ በሚያነሱት ፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፋሉ። ስልከው ቆጣሪው 41,206 ላይ ነበር። ሲመለስ 43,877 ሆኖ መጣ። ልዩነቱ 2,671 ፎቶ ነው። ይሄ ሙከራ ነው?

“ግማሹን መልሺልኝና ልያዘው” የሚሉም አሉ። ዕቃው በደረሰ በሁለተኛው ቀን ጭረት ተገኘ ይላሉ፤ የጭረቱ ፎቶ ብዥ ያለ ነው፣ የሚጠይቁት ቅናሽ ግን ቁልጭ ያለ። ለነዚህ መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ክርክር አልገባም። “በጣም ይቅርታ፤ እባክዎ ይመልሱልኝ፣ ሙሉ ገንዘብዎን ያገኛሉ” ብዬ እጽፋለሁ። ዕቃው በእውነት ያስከፋው ሰው ደስ ብሎት ይመልሳል። ቅናሽ ፈልጎ የመጣው ድምፁ ይጠፋል። አራት ጊዜ ሞክሬው ሦስቱ በዚያው ጠፍተዋል። አራተኛው መለሰልኝ፤ ጭረቱ እውነት ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት።

ገንዘቡን በሌላ መንገድ ላኪልኝ ከሚል ሰው ግን ሽሹ። ከገበያው ውጭ ትልኩለታላችሁ፤ ከዚያ በገበያውም ወይም በባንኩ በኩል ሁለተኛ ይጠይቃል። መጀመሪያ የላካችሁት የትም አይመዘገብም።

ወደ ሌንሴ ልመለስ።

ዕቃው እንደተመለሰ ችግር ካለ ለማሳወቅ ሁለት ቀን ነው የሚሰጡኝ። ዝም ካልኩ ገንዘቡ በራሱ ወደ ገዢው ይሄዳል። በዚያው ማታ አመለከትኩ። ቅጹ አምስት ፎቶ ይቀበላል፤ ቪዲዮ አይቀበልም። ማስረዳት የሚቻለው ደግሞ በ500 ፊደል ነው። 500 ፊደል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚያውቀው የተናደደ ሰው ነው። እኔ ግማሹን በ“እንዴት ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ” ጨረስኩት። አታድርጉት። ንዴታችሁን ማንም አያነብላችሁም።

ከዚያ ቻቱ። መጀመሪያ ሮቦቱ ነው የሚቀበለው። “ውድ ሻጫችን፣ ስሜትዎን እንረዳለን” አለኝ። ስሜቴን ተዉትና ሌንሱ ላይ የተጻፈውን መለያ፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ እዩልኝ አልኩ። “ስሜትዎን እንረዳለን” አለ ደግሞ። ሰው ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የመጣችው ልጅ በእውነት ትሁት ነበረች፤ የምትችለው ነገር ግን አልነበረም። ጉዳዩ ሌላ ክፍል ነው አለች። በሁለተኛው ቀን ውሳኔው መጣ። “የቀረቡት ፎቶዎች ዕቃው መቀየሩን በበቂ ሁኔታ አያሳዩም።” ገንዘቡ ለገዢው ተመለሰ። ደሜ ፈላ።

ተረጋግቼ ሳየው ግን ጥፋቱ የኔም ነበር። ማስታወቂያው ላይ የለጠፍኩት የሌንሱ ፊት ፎቶ መብራት አርፎበት የሲሪያል ቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች አይነበቡም። ለኔ የኔ ሌንስ ነው፤ ከዐሥር ሜትር አውቀዋለሁ። እዚያ ለተቀመጠው ሰው ግን ሁለት የሚመሳሰሉ ጥቋቁር ሌንሶች ናቸው። በቀን ስንቱን አይቶ እንደሚወስን እንጃ። የኔን ስሜት ሊያይ አይችልም። ማየት የሚችለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ እያለቃቀስኩ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና “ሚዛን ላይ አድርገሽው አልነበረም እንዴ?” አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። አድርጌዋለሁ! መላኪያውን ለማስላት ከታሸገ በኋላ ሁሌም እመዝነዋለሁ፤ አንዳንዴም ፎቶ አነሳለሁ። ስልኬን ገለባበጥኩት። አለ። 612 ግራም፣ የመላኪያው ወረቀት ላዩ ላይ ተለጥፎ። የተመለሰውን ሳጥን ሳልጥለው ስለነበር በዚያው ፕላስቲክ ጠቅልለን፣ በዚያው ሳጥን ከትተን መዘንነው። 588። እንዲህ ያለው ሌንስ በሁለት ጊዜ የተሠራ ነው፤ ከውጭ መንትያ ይመስላሉ፣ የኋለኛው ግን ቀለል ይላል። ሰውዬው ይሄን አላወቀም። ከሁሉ የበለጠው ደግሞ የዕቃ አመላላሹ ድርጅት በራሱ ማሽን ሁለቴ መዝግቦታል፤ ሲሄድ 0.61፣ ሲመለስ 0.59 ኪሎ። ይሄን እኔ አልጻፍኩትም፣ ገዢውም አልጻፈውም። የሦስተኛ ወገን ቃል ነው።

ማስታወቂያውን ሳነሳ የቀሩ ፎቶዎችም ስልኬ ላይ ነበሩ። ሳልለጥፈው የቀረ አንድ ፎቶ ላይ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ይነበባል። ይግባኝ አልኩ። በዚህኛው ቅጽ ላይ ስለ ራሴ አንድም ቃል አልጻፍኩም። “የተላከው ሌንስ ቁጥር በፎቶ 1። የተመለሰው ሌንስ ቁጥር በፎቶ 2። ክብደት ሲሄድ በፎቶ 3። ክብደት ሲመለስ በፎቶ 4። የአመላላሹ መዝገብ በፎቶ 5።” በቃ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ገንዘቤ ገባ። ሦስተኛዋ ኮከብ ይቺ ናት። ይግባኙን ያየው ሰው በእውነት አይቶታል፤ መልሱ ላይ ግራሞቹን ጠቅሶ ነው የጻፈልኝ።

አራተኛዋን ለምን ከለከልኩ? ገንዘቤን የሰጠኝ ገበያው ከራሱ ኪስ ነው። ገዢውም ገንዘቡን ይዟል፤ ሌንሴንም ይዟል። መለያው እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ምን እንደተደረገ ስጠይቅ “የሌሎችን ተጠቃሚዎች መረጃ መስጠት አንችልም” ተባልኩ። እኔ ከልክዬዋለሁ፤ ከኔ ሁለተኛ አይገዛም። ከሌላው ግን ይገዛል። ሻጭ ለሻጭ የሚያስጠነቅቅበት ቦታ የለም። ትልቁ የኦንላይን ገበያ ኢቤይ ሻጮች ለገዢ አሉታዊ ምዘና እንዳይሰጡ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ምክንያት ነበረው፤ መጥፎ ምዘና የሰጠ ገዢ ከሻጩ የብቀላ ምዘና ይመጣበት ነበር። ያኔ እኔ ገዢ ብቻ ስለነበርኩ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። አሁንም ክፉ አደረጉ አልልም። ብቻ ሌንሴን ሳስብ ትንሽ እለዋለሁ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሕግ አነባለሁ። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መብት መመሪያ፣ 2011/83 የሚባለው፣ ከነጋዴ በርቀት የገዛ ሰው ዕቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ሐሳቡን መቀየር ይችላል ይላል። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ አይሠራም። ዕቃውን ለማየትና ለመሞከር ከሚያስፈልገው በላይ ተጠቅሞበት ዋጋው ከወረደም ገዢው ለወረደው ተጠያቂ ነው። እነዚያን ሠርግ ቀራጮች ያየ ሰው የጻፈው ይመስላል። አንድ ቦታ ላይ ግን ንባቤን አቆምኩ። ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ መቆየት የሚችለው ዕቃው እጁ እስኪገባ፣ ወይም ገዢው መላኩን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪያቀርብ ነው፤ የቀደመው ይሠራል። መላኩን ነው የሚለው። የፖስታ ደረሰኝ መላክን ያሳያል። ምን እንደተላከ አያሳይም። የኔ ገበያም በሽታው ይሄው ነው፤ የሚከታተለው ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ ሄደ፣ ሳጥኑ መጣ። በውስጡ ድንጋይ ይሁን ሌንስ ትራኪንግ ቁጥር አይነግራችሁም።

እንግዲህ ውስጡን የሚያሳዩትን ዕቃዎች ልገምግም።

ሚዛኑ። ተራ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ነው፤ በግራም የሚቆጥር። አምስት ከአምስት። አሁን ሁሌም ሁለት ጊዜ እመዝናለሁ። መጀመሪያ ዕቃውን ባዶውን፣ ሲሪያል ቁጥሩ ከሚዛኑ ቁጥር ጋር በአንድ ፎቶ እንዲታይ አድርጌ። ቀጥሎ የታሸገውን ሳጥን፣ የመላኪያው ወረቀት ወደ ላይ ሆኖ። ሳጥኑ ሰፋ ያለ ከሆነ የሚዛኑን ቁጥር ይሸፍናል፤ ይሄ አበሳጭቶኝ ነበር። ሚዛኑ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ደፍቼ፣ ዜሮ አድርጌ፣ ሳጥኑን ከላይ ሳስቀምጠው ቁጥሩ ከታች ይታያል። ወንድሜ ነው ያሳየኝ። (እሱ ምንም አይሸጥም፤ ሁሉን ያውቃል።)

ተለጣፊው። ሲላጥ “ቮይድ”፣ ማለትም “ተሰርዟል”፣ የሚል ጽሑፍ ትቶ የሚቀር የማሸጊያ ተለጣፊ ነው። የገዛሁት ርካሹን ጥቅል ነበር። ካሜራ ብሎን ላይ ለጥፌ፣ እንደ ሌንሴ ካሜራም ሳይጠፋብኝ ልሞክረው አልኩና ፀጉር ማድረቂያ አመጣሁ። አንድ ደቂቃ ሙቅ አየር ነፋሁበት፤ በጥፍሬ ጠርዙን ሳነሳው እንደ ወረቀት ተነሳ። ቮይድም የለ፣ ምንም የለ። መልሼ ለጠፍኩት፤ አዲስ ይመስላል። እኔ በአንድ ደቂቃ ያወቅሁትን ሸዋጅ አያውቅም ማለት አይቻልም። ሁለተኛ የገዛሁት የተሻለ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፣ ቢላጥም በሌላ ሊተካ አይችልም። በሙቀትም ሲሞከር ተቀደደ። ለርካሹ አንድ፣ ለባለ ቁጥሩ አራት። መስታወትም ቆዳም ላይ አትለጥፉት፤ ሙጫው ይይዛል። ሳጥኑ ላይ ብቻ መለጠፍም ዋጋ የለውም፤ ገዢ ሳጥን መክፈቱ መብቱ ነው። ዕቃው ሲከፈት ብቻ የሚነካ ቦታ ላይ ነው የሚለጠፈው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። “ተለጣፊው ከተነሳ አልቀበልም” ብዬ ማስታወቂያዬ ላይ ጽፌ ነበር። ገበያው ያ የኔ ሕግ እንጂ የሱ እንዳልሆነ ነገረኝ። ተለጣፊ ማስረጃ ነው፤ መከልከያ አይደለም።

እስክሪብቶው። በአይን የማይታይ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ የሚያበራ ቀለም ያለው ነው፤ ትንሿ መብራት ክዳኑ ላይ አብራ ትመጣለች። ባትሪ ክዳን ውስጥ ወይም ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበት ብረት ጥግ ላይ ሁለት ፊደል እጽፋለሁ። የክፍሉን መብራት አጥፍቼ ትንሿን ሳበራበት ሰማያዊ ሆኖ ብቅ ይላል፤ የልጅነት ጨዋታ ይመስላል። ደስ ይላል። ጥቅሙ? አልኮል በነካው ጨርቅ አንዴ ሲጠረግ ይጠፋል፤ ስለዚህ ምልክቱ አለመኖሩ ብቻውን ዕቃው ተቀየረ አያሰኝም። ፎቶውን ለገበያው ስልክም ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ጭረት ምን እንደሆነ የገባቸው አልመሰለኝም። ለኔ ግን ጥርጣሬዬን ይቆርጥልኛል፤ ሰው በከንቱ እንዳልጠረጥር ያደርገኛል። ሦስት ኮከብ፤ አንዷ ለደስታው ናት።

ቪዲዮ ዕቃ ባይሆንም ልጨምር። ገበያው ቪዲዮ አይቀበልም ብያለሁ፤ ቢሆንም እቀርጻለሁ። ከቪዲዮው ላይ ፎቶ ይወጣል። ቁም ነገሩ ሳይቆረጥ መቀረጹ ነው፤ ከሲሪያል ቁጥሩ ጀምሮ ቴፑ እስኪለጠፍ አንድ ወጥ ሆኖ። የተመለሰውን ስከፍትም እንዲሁ። መጀመሪያ ወረቀቱን አሳያለሁ፣ ስድስቱንም የሳጥኑን ጎን አዞራለሁ፣ ከዚያ ቴፑን እቆርጣለሁ። ወንድሜ ስልኩን ይይዛል፤ እኔ እከፍታለሁ። “የቦምብ ባለሙያ መሰልሽ” ይለኛል።

ስልክ የምትሸጡ ከሆነ ስለሱ ብዙ አልልም፤ ሁለት ጊዜ ሸጬ ትቻለሁ። ብቻ *#06# ብትደውሉ የሚወጣውን 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን፣ ሳትመዘግቡ አትላኩ። ተመላሽ ስልክ ሲመጣም ገዢው የራሱን አካውንት ከስልኩ ማውጣቱን አረጋግጡ። የኔ ሲመለስ ተቆልፎ ነው የመጣው። የተቆለፈ ስልክ የወረቀት መጫኛ ነው።

ፋይሎቹን ቶሎ አታጥፉ። ገበያው ዘንድ ያሸነፋችሁትን ክርክር ገዢው በካርዱ ባንክ በኩል እንደገና ሊከፍተው ይችላል። ቪዛና ማስተርካርድ ለብዙ የክርክር ምክንያቶች እስከ 120 ቀን ይሰጣሉ። እኔ ስድስት ወር አስቀምጣለሁ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ከሌንሱ ነገር በኋላ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ሁሉን መጠርጠር ጀመርኩ። አንድ ገዢ “የፎከሱ ቀለበት አይዞርልኝም፣ በጣም ይከብዳል” ብለው ጻፉልኝ። እኔ ስልከው እንደ ቅቤ ነበር የሚዞረው። ቪዲዮ አለኝ። መልሴ ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱ ግን የበረዶ ጨዋነት ነው። “ዕቃው ሲላክ ፍጹም ደህና እንደነበር ማስረጃ አለኝ” አልኳቸው። ዕቃው ተመለሰ። ቁጥሩ የኔ፣ ክብደቱ የኔ፣ ምልክቱም ያበራል። ቀለበቱን አዞርኩት፤ ልስልስ ብሎ ዞረ። ውሸታም! አልኩ። ወንድሜ ሌንሱን ወስዶ በላስቲክ ከረጢት አሸገና ማታውን ፍሪጅ ውስጥ አሳደረው። ጠዋት አውጥቶ ሰጠኝ። በሁለት እጄ ታግዬ አልዞር አለኝ። የድሮ ሌንስ ውስጥ ያለ ያረጀ ግሪስ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ሰውየው ደግሞ ብርድ አገር ነው ያሉት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ የፖስታውንም ወጪ መለስኩላቸው። “ግድ የለም፣ በዚህ ሥራ ብዙ ውሸታም እንደሚያጋጥምዎ ይገባኛል” ብለው ጻፉልኝ። ከዚያ ቃል በላይ የከበደኝ የለም። አሁን እያንዳንዱን ሌንስ ከመላኬ በፊት ፍሪጅ አሳድረዋለሁ።

ሻጋታ ያለበት ሌንስ እኔው ጋ ቀረ። ገበያው “ሊያስቀሩት ይችላሉ” አለ። ለብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ለይቼ በታሸገ ከረጢት አስቀመጥኩት። ባለፈው ወር “ለመለዋወጫ ብቻ፣ ውስጡ ሻጋታ አለበት” ብዬ፣ መብራት ከኋላው አብርቼ ክሮቹ ቁልጭ ብለው የሚታዩበትን ፎቶ ለጥፌ ለሽያጭ አወጣሁት። በሁለተኛው ቀን ሰው ጻፈልኝ። መግዛት እፈልጋለሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ አለ፤ “ፎቶው ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር የሚላክልኝ የራሱ የሌንሱ ነው አይደል? ባለፈው ሌላ ተልኮልኝ ነበር።”

ነው፣ አልኩት። ሚዛን ላይ ያለበትንም ፎቶ ጨምሬ ላክሁለት።